ቆጥሮ የተናገረው ሰው
የጃኮሞ ማቴዮቲ የሕይወት ታሪክ



እኛ የቅርስ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ነን። ሁላችንም የተወለድነው እዚሁ እስራኤል ነው፤ የምንማረውም በዕብራይስጥ ነው። ስለዚህ አማርኛችን ቢጎድል ይቅርታ አድርጉልን። ስንጽፍ ያላወቅነውን ቃል እቤት እየጠየቅን፣ ጽፈን ስንጨርስም እናቶቻችን እያረሙልን ነው እዚህ የደረሰው።

በዚህ ዓመት የተሰጠን ሥራ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነውን አንድ የታወቀ ሰው ሕይወት መጻፍ ነበር። መጀመሪያ ያሰብነው ከኢትዮጵያ አርበኞች ስለ አንዱ ለመጻፍ ነበር። ለዚህም ብለን የአንዲት ጓደኛችንን አያት ስለ ጣሊያን ጊዜ ጠየቅናቸው። እሳቸው በዚያን ጊዜ ገና አልተወለዱም፤ ከአባታቸው የሰሙትን ግን በዓይናቸው እንዳዩት አድርገው ነገሩን። ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ መርዙ ጢስ፣ ሚስትና ልጅ ትተው ጫካ ስለ ገቡት ሰዎች ነገሩን። ሲጨርሱ ከእኛ አንዱ አንድ ጥያቄ አነሣ። ጣሊያኖች ራሳቸው ሙሶሊኒን እንዴት በላያቸው ላይ ሾሙት? በጦር አሸንፏቸው ነው ወይስ መርጠውት? አያታችን ጥቂት ካሰቡ በኋላ ይህን አባታቸውም እንዳልነገሯቸው ገለጹልን። ከዚያም እኛ ፈልገን እንድንነግራቸው አዘዙን።

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ያንን ትእዛዝ ለመፈጸም ነው። ስንፈልግ አንድ ሰው አገኘን፤ ስሙ ጃኮሞ ማቴዮቲ ይባላል። በጣሊያን በብዙ ከተሞች በስሙ የተጠራ መንገድ ወይም አደባባይ አለ። የእሱን ሕይወት የሚያነብ ሰው ሙሶሊኒ እንዴት ሥልጣን እንደያዘ ደረጃ በደረጃ ያያል። ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የባለመሬት ልጅ

ጃኮሞ ማቴዮቲ የተወለደው ሜይ 22 ቀን 1885 ፍራታ ፖሌዚኔ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ቦታው በሰሜን ጣሊያን፣ ፖ እና አዲጄ በሚባሉ በሁለት ትላልቅ ወንዞች መካከል ነው። መሬቱ ለም ነው፤ ግን ዝቅተኛ ስለሆነ ጎርፍ ያጠቃዋል። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ገበሬ የራሱ መሬት አልነበረውም። በሰው መሬት ላይ በቀን ሂሳብ ይሠራ ነበር፤ ሥራ ባልተገኘበት ቀን እንጀራም የለም።

የማቴዮቲ ቤተሰብ ግን ድሃ አልነበረም። ብረትና መዳብ በመነገድ ጀምረው ብዙ መሬት የገዙ ሰዎች ነበሩ። ከተወለዱት ሰባት ልጆች መካከል ለአካለ መጠን የደረሱት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ከእነዚያም ሁለቱ ወንድሞቹ በ1909 እና በ1910 በሳንባ በሽታ ሞቱ። እናቱ ከልጆቿ ሁሉ የቀራት አንድ ጃኮሞ ብቻ ነበር።

ጃኮሞ ገና ልጅ ሳለ በታላቅ ወንድሙ ምክንያት ወደ ሶሻሊስቶች ፓርቲ ቀረበ። በ1907 በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀ። ስለ ወንጀል ሕግ መጽሐፍ ጽፏል፤ ቢፈልግ ፕሮፌሰር ሆኖ በሰላም መኖር ይችል ነበር። እሱ ግን ወደ ተወለደበት አገር ተመልሶ በትንንሽ ከተሞች ምክር ቤቶች ውስጥ መሥራትን መረጠ። እዚያም የሚታወቀው በሂሳብ ነበር። የአንዱን ትንሽ ከተማ በጀት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያነብ ነበር። ገንዘቡ ለትምህርት ቤት ስንት፣ ለመንገድ ስንት እንደ ዋለ ይቆጥር ነበር። የነጋዴ ልጅ ስለሆነ ቁጥር አያታልለውም ነበር።

ባለመሬቶቹ በጣም ይጠሉት ነበር። አንድ ድሃ ለድሃ ቢከራከር ይገባቸው ይሆናል። የባለመሬት ልጅ ለቀን ሠራተኛ ሲከራከር ግን እንደ ከዳተኛ ቆጠሩት። ሀብታም ሆኖ ስለ ድሃ ያወራል እያሉም ያፌዙበት ነበር።

ጦርነትና ግዞት

በ1914 የአውሮፓ ጦርነት ሲጀመር የጣሊያን ሶሻሊስቶች ጦርነቱን ተቃወሙ። በዚያን ጊዜ የፓርቲው ጋዜጣ አዘጋጅ ቤኒቶ ሙሶሊኒ የሚባል ሰው ነበር። አዎ፣ ሙሶሊኒ መጀመሪያ ሶሻሊስት ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሐሳቡን ለውጦ ጣሊያን ወደ ጦርነቱ እንድትገባ መጻፍ ጀመረ። በዚህም ምክንያት ከፓርቲው ተባረረ።

ማቴዮቲ ግን ሐሳቡን አልለወጠም። በ1916 ጦርነቱን በመቃወም በክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ውስጥ ስለተናገረ ተከሰሰ። ለውትድርና ሲጠራም ወደ ጦር ግንባር እንዲቀርብ አልፈለጉም። ከቤቱ እጅግ ርቆ በሲሲሊ ደሴት እስከ 1919 ድረስ እንደ ግዞተኛ ቆየ። በዚያው በ1916 መጀመሪያ ላይ ቬሊያ የምትባል ሴት አግብቶ ነበር። የታወቀ የኦፔራ ዘፋኝ እህት ነበረች። እሷ አጥባቂ ክርስቲያን ነበረች፤ ፖለቲካም አትወድም ነበር። ቢሆንም በጣም ይዋደዱ ነበር። በኋላም ጃንካርሎ፣ ማቴዮ እና ኢዛቤላ የሚባሉ ሦስት ልጆች ወለዱ።

ቆስሎ የቆመ አገር

ጣሊያን ጦርነቱን ካሸነፉት አገሮች አንዷ ነበረች። ነገር ግን ከ600,000 የማያንሱ ወታደሮች ሞተውባታል። በሕይወት የተመለሱትም ሥራ አላገኙም። ገንዘቡ ዋጋ አጣ፤ የዳቦ ዋጋ ወጣ። ብዙ ሰዎች አገራችን የሚገባትን መሬት አላገኘችም፣ ድሉ ተሰርቋል እያሉ ይናደዱ ነበር። ሠራተኞቹና ገበሬዎቹ በበኩላቸው አድማ ይመቱ ነበር። በ1920 ሠራተኞች ብዙ ፋብሪካዎችን ይዘው ተቀመጡ። ሀብታሞቹም እንደ ሩሲያ አብዮት ይመጣብናል ብለው ፈሩ።

ዲሞክራሲውም ገና ልጅ ነበር። ወንዶች ሁሉ ሊባል በሚችል ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1912 ነው፤ ሴቶች ገና አልነበራቸውም። ከ1919 እስከ 1922 ባለው ጊዜ አምስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ተፈራረቁ። አንዱ ወንበሩን ሳያሞቀው ሌላው ይመጣል። ሕዝቡም ፓርላማው ወሬ እንጂ ሥራ አያውቅም ማለት ጀመረ።

ሙሶሊኒ የፋሺስቶችን ማኅበር የመሠረተው በዚህ ጊዜ፣ በማርች 1919 ሚላኖ ከተማ ነው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ምርጫ ተደረገ። እኛን በጣም ያስገረመን ነገር ይህ ነው፤ ፋሺስቶች በዚያ ምርጫ አንድም መቀመጫ አላገኙም። በሚላኖ እንኳ 5,000 ድምፅ አልሞላላቸውም። ሶሻሊስቶች ግን 156 መቀመጫ አግኝተው ከሁሉም የበለጡ ሆኑ። ማቴዮቲም ለመጀመሪያ ጊዜ የፓርላማ አባል ሆነ። በዚያን ቀን አንድ ሰው ሙሶሊኒ ከሦስት ዓመት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል ቢል ሰው ሁሉ ይስቅበት ነበር።

ጥቁር ሸሚዞች

ታዲያ በሦስት ዓመት ምን ተለወጠ? መልሱን ያገኘነው ማቴዮቲ በተወለደበት አገር፣ በፖ ወንዝ ሜዳ ነው።

በዚያ የቀን ሠራተኞቹ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ማኅበሩ የቀን ክፍያውን ከባለመሬቶቹ ጋር ይደራደራል፤ ሥራውንም በየተራ ያከፋፍላል። ባለመሬቶቹ ይህን ለማፍረስ ፈለጉ። ከ1920 መጨረሻ ጀምሮ ለፋሺስቶች ገንዘብና የጭነት መኪና ሰጡ። ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ወጣቶች፣ ብዙዎቹም ከጦርነት የተመለሱ፣ በሌሊት ወደ መንደሮች መምጣት ጀመሩ። የማኅበሩን ቤት ያቃጥላሉ፤ የማኅበሩን መሪ በቆመጥ ይደበድባሉ፤ የጉሎ ዘይት በግድ ያጠጡታል። ጉሎን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኛ ምን እንደሆነ ከአያታችን ነው የተማርነው። ሰውን በጎረቤቱና በልጆቹ ፊት ለማዋረድ ያደርጉት ነበር። የተገደሉም ብዙ ናቸው።

ፖሊሱስ የት ነበር? ብዙ ጊዜ እዚያው ቆሞ ያይ ነበር። ዳኞችም ፋሺስቶችን በቀላሉ ይለቁ ነበር። ማቴዮቲ በ1921 ይህን በፓርላማ በዝርዝር ተናገረ። መኪኖቹ በሌሊት እንዴት እንደሚመጡ፣ አንድ ገበሬ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በተኛበት ቤቱ እንዴት እንደሚከበብ፣ ካልወጣ ቤቱን እንደሚያቃጥሉበት እንዴት እንደሚዝቱ አስረዳ። በማርች 12 ቀን 1921 ተራው የራሱ ሆነ። ካስቴልጉልየልሞ በምትባል ቦታ ፋሺስቶች ያዙት። በጭነት መኪና ጭነው አዋረዱት፤ ፖለቲካ እንዲተው በመሣሪያ አስፈራሩት። እሱም እምቢ አለ፤ በሌሊት መንገድ ላይ ጥለውት ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በተወለደበት አገር በነፃነት መኖር አልቻለም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መጻፍ አለብን። የማቴዮቲ ፓርቲም ጥፋት ነበረበት። ከሶሻሊስቶቹ ብዙዎቹ አብዮት ይመጣል እያሉ ያወሩ ነበር፤ ግን አያዘጋጁም። ከሌሎች ፓርቲዎች ጋር ሆኖ መንግሥት ማቋቋምንም አይፈልጉም ነበር። በጃንዋሪ 1921 ኮሚኒስቶቹ ተለይተው ወጡ። በኦክቶበር 1922 ደግሞ ለዘብ ያሉት፣ ማቴዮቲም ከእነሱ ጋር፣ ተባረሩ። የተባረሩት አዲስ ፓርቲ አቋቁመው ማቴዮቲን ዋና ጸሐፊ አደረጉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩ ግን ሙሶሊኒ ወደ ሮም ከመሄዱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ተበጣጠሰ።

በሩን የከፈቱት ሰዎች

እኛ ከመጀመራችን በፊት ሙሶሊኒ በሩን ሰብሮ የገባ ይመስለን ነበር። ስናነብ ግን በሩን ከውስጥ ሆነው የከፈቱለት ሰዎች እንዳሉ አየን።

የመጀመሪያው ጆቫኒ ጆሊቲ ነው። ብዙ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ፣ ብልህ የሚባል ሽማግሌ ነበር። በሜይ 1921 ምርጫ ሶሻሊስቶችን ለማዳከም ብሎ ፋሺስቶችን በራሱ ወገን ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው። ፓርላማ ሲገቡ ይለዝባሉ፣ ከዚያም እኔ እይዛቸዋለሁ ብሎ አሰበ። በዚህ መንገድ ፋሺስቶች 35 መቀመጫ አገኙ። ሽማግሎቻችን የነብርን ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ትላላችሁ። ጆሊቲ ጭራውን ያዘ፤ መልሶ ግን ሊቆጣጠረው አልቻለም።

ሁለተኛው ንጉሡ ቪቶሪዮ ኢማኑኤል ሦስተኛ ነው። በኦክቶበር 1922 መጨረሻ የፋሺስት ሰልፈኞች ከየአቅጣጫው ወደ ሮም ተንቀሳቀሱ። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ብዙዎቹም የረባ መሣሪያ አልነበራቸውም። በሮም የነበረው ጦር ሊያቆማቸው ይችል ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፋክታ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አዘጋጅቶ በኦክቶበር 28 ጠዋት ለንጉሡ አቀረበ። ንጉሡ አልፈርምም አለ። ከዚያ ይልቅ ሙሶሊኒን መንግሥት እንዲያቋቁም ጠራው። ሙሶሊኒ ከሰልፈኞቹ ጋር በእግሩ አልመጣም፤ ከሚላኖ በባቡር፣ በመኝታ ፉርጎ ተኝቶ መጣ። በኦክቶበር 30 ጠዋት ሮም ገባ፤ ዕድሜው 39 ነበር።

ሦስተኛው ፓርላማው ራሱ ነው። ከ535 አባላት ፋሺስቶቹ 35 ያህል ብቻ ነበሩ። የአዲሱ መንግሥት ሚኒስትሮችም አብዛኞቹ ፋሺስቶች አልነበሩም፤ የሌሎች ፓርቲዎች ሰዎችና የጦር አለቆች ነበሩበት። ሁሉም ሙሶሊኒን በመካከላችን እናለዝበዋለን ብለው አሰቡ። ፓርላማው በኖቬምበር 306 ለ116 በሆነ ድምፅ አጸደቀለት። ማቴዮቲ ከተቃወሙት ወገን ነበር። እንግዲህ በአያታችን ጥያቄ መሠረት፣ ሙሶሊኒ ያሸነፈው በጦርም አይደለም፤ ሕዝቡም አብልጦ መርጦት አይደለም። ፍርሃት ነበረ፤ ገንዘብ ነበረ፤ ዱላ ነበረ። ከዚያም በሕግ የተሾሙ ሰዎች በሕጋዊ ወረቀት ሥልጣኑን ሰጡት።

መቁጠር

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰዎች ነገሩ ይረጋጋል ብለው ዝም አሉ። ማቴዮቲ ግን የሚያውቀውን ሥራ ያዘ፤ መቁጠር ጀመረ። ከየአገሩ ደብዳቤና ጋዜጣ ሰበሰበ። የትኛው ሰው፣ በየትኛው መንደር፣ በየትኛው ቀን ተደበደበ ወይም ተገደለ፤ የትኛው ቤት ተቃጠለ፤ መንግሥቱ በገንዘብ ረገድ ተሻሻለ የሚለው እውነት ነው ወይ? ይህን ሁሉ በፋሺስቶች አገዛዝ የመጀመሪያ ዓመት ላይ በጻፈው መጽሐፍ በዝርዝር አወጣው። ስድብ አላበዛበትም። ስምና ቀን፣ ስምና ቀን ነው። ለእኛ ሲነበብ እንደ መዝገብ ነው የሚመስለው።

በ1923 መጨረሻ አዲስ የምርጫ ሕግ ወጣ። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኘ ዝርዝር፣ ከመቶ 25 እንኳ ቢሆን፣ ከፓርላማው መቀመጫ ሁለት ሦስተኛውን ይወስዳል። ይህንንም ሕግ ያጸደቀው ያ ፓርላማ ነው። ምርጫው የተደረገው በኤፕሪል 6 ቀን 1924 ነው። በምርጫው ጊዜ ተቃዋሚዎች ተደበደቡ፤ ስብሰባቸው ተበተነ። አንቶኒዮ ፒቺኒኒ የሚባል ሶሻሊስት እጩ በመሆኑ ብቻ ተገደለ። በመጨረሻ የመንግሥቱ ዝርዝር ከመቶ 65 ያህል ድምፅ አገኘ ተባለ።

በሜይ 30 ቀን 1924 ማቴዮቲ በአዲሱ ፓርላማ ቆመ። የምርጫው ውጤት እንዳይጸድቅ ጠየቀ፤ ምክንያቱንም መቁጠር ጀመረ። ከ100 የፓርቲው እጩዎች 60 ያህሉ በምርጫ ክልላቸው በነፃነት መንቀሳቀስ እንዳልቻሉ ተናገረ። የእጩዎችን ፊርማ ለማሰባሰብ የሞከሩ ሰዎች በየትኛው ከተማ እንደ ተደበደቡ አስረዳ። ፋሺስቶቹ ይጮሁ ነበር፤ ይሰድቡት ነበር፤ ጠረጴዛ ይመቱ ነበር። እሱ ጩኸቱ ሲቀንስ ካቆመበት ይቀጥላል። አጭር ሊሆን የነበረው ንግግር ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ድምፅ ሲሰጥ ሐሳቡ 285 ለ57 ወደቀ። ሲጨርስ ለጓደኞቹ እሱ ንግግሩን እንዳደረገ፣ ከእንግዲህ እነሱ የቀብሩን ንግግር እንዲያዘጋጁ ነገራቸው ይባላል።

ጁን 10

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ በጁን 10 ቀን 1924 ከሰዓት በኋላ፣ ማቴዮቲ ከቤቱ ወጥቶ በቴቬሬ ወንዝ ዳር ወደ ፓርላማው ይሄድ ነበር። አሜሪጎ ዱሚኒ የሚባል ፋሺስት የሚመራቸው ሰዎች በመኪና መጥተው ያዙት። እሱም ታገላቸው። እየጎተቱ መኪናው ውስጥ አስገቡት፤ እዚያው ውስጥ በስለት ወግተው ገደሉት። ዕድሜው 39 ነበር። ትልቁ ልጁ 6 ዓመቱ ነበር፤ ትንሿ ገና ሕፃን ነበረች።

ገዳዮቹ ማንም አላየንም ብለው ይሆናል። ነገር ግን የሰፈሩ ሰዎች መኪናውን አይተው ቁጥሩን ይዘው ነበር። በዚያ ቁጥር ዱሚኒ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተያዘ። ቁጥር መዝግቦ እውነትን ይናገር የነበረው ሰው፣ የገዳዮቹ ማንነት የታወቀው በአንድ በተመዘገበ ቁጥር ነው።

ሚስቱ ቬሊያ ወደ ሙሶሊኒ ሄዳ ባሏ ያለበትን እንዲነግራት ጠየቀችው፤ እውነቱን ግን አላገኘችም። አስከሬኑ የተገኘው ከሁለት ወር በኋላ፣ በኦገስት 16፣ ከሮም ውጪ በጫካ ውስጥ ነው። ወደ ትውልድ ከተማው በባቡር ሲወሰድ ቬሊያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። አንድም ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ሰው አስከሬኑን እንዳያጅብ ለመነች። የተቀበረው በፍራታ ፖሌዚኔ ነው።

በዚያ በሰኔ ወር በሮም ሌላም እንግዳ ነበር። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፣ በዚያ ዓመት ኢየሩሳሌምን ጎብኝተው በአውሮፓ ሲዞሩ ሮም ደርሰው ነበር። ከተማው ሁሉ ስለ ጠፋው ሰው በሚያወራበት ጊዜ ንጉሡና ሙሶሊኒ በክብር ተቀበሏቸው። ከ11 ዓመት በኋላ እነዚህ ሁለት ሰዎች ጦራቸውን በአገራቸው ላይ ላኩባቸው።

ዝምታ

ከግድያው በኋላ ጣሊያን ደነገጠች። ብዙ ሰዎች የፋሺስት ዓርማቸውን ከኮታቸው ላይ አውልቀው ጣሉ። ማቴዮቲ በተያዘበት ቦታ ሰዎች አበባ ያኖሩ ነበር። ሙሶሊኒ ይወድቃል ብለው ያሰቡ ብዙ ነበሩ። የተቃዋሚ ፓርቲዎች አባላት ፓርላማውን ጥለው ወጡና ንጉሡ ሙሶሊኒን እስኪያወርድ ጠበቁ። ንጉሡ ምንም አላደረገም። ሳምንታት አለፉ፤ ወራት አለፉ። ድንጋጤው ቀዘቀዘ።

በጃንዋሪ 3 ቀን 1925 ሙሶሊኒ በፓርላማ ቆሞ ለሆነው ሁሉ ኃላፊነቱን እንደሚወስድ ተናገረ። ማንም አልያዘውም። ከዚያ በኋላ ነፃ ጋዜጦች ተዘጉ፤ በ1926 መጨረሻ ሌሎች ፓርቲዎች ሁሉ ታገዱ። ከገዳዮቹ ሦስቱ በ1926 ስድስት ዓመት ያህል ተፈረደባቸው፤ ግን በምሕረት ከጥቂት ወራት በኋላ ተፈቱ። እውነተኛ ፍርድ የተሰጠው ፋሺስቶች ከወደቁ በኋላ፣ በ1947 ነው።

ተቃዋሚ የሌለው ሰው የፈለገውን ያደርጋል። በኦክቶበር 3 ቀን 1935 የጣሊያን ጦር ወደ ኢትዮጵያ ገባ። መርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ሲጣል በሮም ፓርላማ ተነሥቶ የሟቾችን ስም የሚቆጥር ሰው አልነበረም። በሜይ 1936 አዋጁን አልፈርምም ያለው ያ ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ተባለ። በፌብሩዋሪ 1937 በአዲስ አበባ ከየካቲት 12 ጀምሮ የሆነውን እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ። የእኛም ማኅበረሰብ ተጎድቷል። በወጣትነታቸው በጣሊያን አገር በፍሎረንስ የተማሩት፣ በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት አቶ ታምራት አማኑኤል ተሰደዱ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። በ1938 ደግሞ ያው ንጉሥ በጣሊያን አይሁዶች ላይ የወጣውን የዘር ሕግ ፈረመ። አይሁድ ልጆች ከትምህርት ቤት ተባረሩ። በኦክቶበር 1943 ጀርመኖች ከሮም ብቻ ከ1,000 በላይ አይሁዶች ይዘው ወደ አውሽዊትዝ ላኩ።

በታሪክ ትምህርት ሾአን ለብቻው፣ የኢትዮጵያን ታሪክ ለብቻው ነበር የተማርነው። በዚህ ሥራ ግን ሁለቱ በአንድ ሰው ፊርማ ሥር ተገናኙብን።

በክፍላችን የተከራከርንበት

ጽሑፉን ስንጨርስ በክፍል ውስጥ ክርክር ተነሣ። ከእኛ አንዳንዶቹ ማቴዮቲ ዝም ማለት ነበረበት አሉ። ሦስት ልጆች ነበሩት፤ እንደሚገድሉት ያውቅ ነበር፤ ንግግሩም ምርጫውን አላስቀየረም። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለውንም ከእናንተ ነው የሰማነው። ሌሎቻችን ደግሞ እሱ ቀድሞ መናገሩ ሳይሆን ከእሱ በኋላ ሌሎቹ ዝም ማለታቸው ነው ጥፋቱ አልን። ፖሊሱ፣ ዳኛው፣ ጆሊቲ፣ ንጉሡ፣ 306ቱ ሰዎች፣ ከእነዚህ አንዱ በጊዜው እምቢ ቢል ኖሮ ማቴዮቲ ብቻውን አይቀርም ነበር። ክርክሩ አላለቀም። ሽማግሎች ሰው ሲጣላ ሁለቱንም ወገን ሰምታችሁ ትፈርዳላችሁና እናንተም ፍረዱን።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁላችንም ተስማማን። ዲሞክራሲ የሚጠፋው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ዝም ይባላል፤ ቀጥሎ ዱላ የያዘው ሰው ይለዝባል ተብሎ ወንበር ይሰጠዋል፤ ከዚያ የምርጫው ሕግ ይለወጣል፤ በመጨረሻ የሚቆጥረው ሰው ይገደላል። በየደረጃው ማቆም የሚችል ሰው ነበረ።

ጽሑፉን ወስደን ለአያታችን አነበብንላቸው። ያልገባቸውን ጓደኛችን እያስረዳች እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ስለ ንጉሡ አልጠየቁም፤ ስለ ሙሶሊኒም አልጠየቁም። የጠየቁት ልጆቹን ማን አሳደጋቸው የሚል ነበር። እኛ ይህን አልጻፍንም ነበር። ተመልሰን አነበብን። ቬሊያ በፖሊስ ዓይን ሥር ሆና ልጆቿን አሳድጋ በ1938 ሞተች። ልጆቹ ያለ አባትና ያለ እናት ቀሩ። ከጦርነቱ በኋላ ጣሊያን ነፃ ስትወጣ ሁለቱ ወንዶች ልጆች፣ ጃንካርሎና ማቴዮ፣ በሕዝብ ተመርጠው የፓርላማ አባላት ሆኑ።

ይህን ስንነግራቸው አያታችን እግዚአብሔር ይመስገን ብለው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። እኛም ጽሑፉን በዚህ ጨረስን። ስለ ጣሊያን ጊዜ ከአባቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ ንገሩን፤ ስሙንና ቀኑን ጨምረን እንጽፈዋለን።